አንድ ፕሮሰሰር፣ ሦስት ሙቀት

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናት፤ ከአንድ ብሎክ ሥር፣ በሙዝ ሻጭና በፀጉር ቤት መሃል። ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሩን ልስብ ስል አንድ የሰፈር ልጅ ዴስክቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ሕፃን አቅፎ መጣ። የሰርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር የሚያድር ልጅ ነው። ለቅዳሜ የሚያስረክበው ሥራ አለበት።

«ጋሼ፣ ሊቃጠልብኝ ነው» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ራሱ!»

ሰክተን ከፈትነው። እውነትም ከጓደኛው ፍላሽ ላይ የገለበጠው የቆየ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ ዋና አሳቢ ቺፕ፣ 64 ዲግሪ ነው ይላል። ገና ምንም ሥራ አልሰጠነውም። እኔ የምጠቀምበትን ፕሮግራም ከጎኑ ከፈትኩ፤ 44 አለ። አጥፍተን ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ስንገባ ደግሞ 52። ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያል።

«እሺ ጋሼ፣ የቱ ነው ውሸታሙ?»

ውሸታም የለም። ሦስቱም የተጠየቁትን መልሰዋል። የተጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። በየሳምንቱ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ስለማላጣ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሻይ ልጀምር። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል እየተባልን ነው ያደግነው። ሱቄ ውስጥ ያለችው የኤሌክትሪክ ማፍያ ግን 100 ደርሳ አታውቅም። ቴርሞሜትር ነክሬ አይቻለሁ። 93 አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ ንቅንቅ አይልም። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያሉ ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ብታፈሉት 90 እንኳ አይሞላም።

አሁን ቁጥር ያልተጻፈበት ቴርሞሜትር አላችሁ እንበል። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃው ሊፈላ ስንት ዲግሪ እንደቀረው። ማፍያው ውስጥ ስትነክሩት «30 ቀረኝ» ይላችኋል። ታዲያ ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ያመነ ሰው ከ100 ላይ 30 ቀንሶ 70 ይላችኋል። የቱሉ ዲምቱ ሰው ከ93 ላይ ቀንሶ 63 ይላችኋል። ቴርሞሜትሩ አንድ፣ ውሃውም አንድ። የተለያዩት የሚቀንሱበት መነሻ ላይ ነው።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ሴንሰር ልክ እንደዚህ ነው የሚሠራው። በየኮሩ ውስጥ፣ ማለትም ሥራውን በሚካፈሉት የቺፑ ክፍሎች ውስጥ፣ ጥቃቅን ሴንሰሮች አሉ። «62 ዲግሪ ነኝ» አይሉም። «ገደቤ ላይ ልደርስ 38 ቀርቶኛል» ነው የሚሉት። ገደቡ ቲጄ ማክስ ይባላል፤ ቺፑ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን የሚቀንስበት ሙቀት ነው። ስክሪን ላይ የምታዩትን 62 የፈጠረው ፕሮግራሙ ነው፤ 100 ሲቀነስ 38። ፕሮግራሙ በስህተት ገደቡን 85 አድርጎ ከያዘው፣ ያንኑ ሴንሰር አንብቦ 47 ብሎ ይጽፋል። 15 ዲግሪ በአንዴ ተነነ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ሩብ ዲግሪ እንኳ አልቀዘቀዘም።

ይህ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኮር 2 ዱዎ የሚባለው ፕሮሰሰር ሲወጣ ኢንቴል የዴስክቶፕ ቺፖቹን ገደብ በግልጽ አልጻፈም ነበር። የፕሮግራም ሠሪዎቹ መገመት ነበረባቸው። አንዱ 85 ብሎ ገመተ፣ ሌላው 100። ኮር ቴምፕና ሪል ቴምፕ የሚባሉትን ሙቀት አንባቢ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ከፍቶ የሚጨቃጨቅ ሰው የበዛው በዚያ ዘመን ነው። ኢንቴል ቁጥሮቹን ይፋ ያደረገው በ2008 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመጣው የመጀመሪያው ኮር አይ7 ጀምሮ ደግሞ ገደቡ ቺፑ ውስጥ ራሱ ተጽፎ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ያነበዋል እንጂ አይገምትም። ስለዚህ ሰሞነኛ ላፕቶፕ ያላችሁ በዚህ በኩል ስጋት የለባችሁም። ያንን አሮጌ ኮር 2 ዱዎ ዛሬም ኢንተርኔት ቤት ውስጥ የምታሠሩ ግን ቁጥሩን በጥርጣሬ እዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሴንሰሮች የተሠሩት ቺፑን ከመቃጠል ለማዳን ነው፤ ለእኔና ለእናንተ የአየር ሁኔታ ለመዘገብ አይደለም። ስለዚህ ወደ ገደቡ ሲጠጉ ጥሩ አድርገው ያነባሉ፤ ሲርቁ ይዘናጋሉ። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ አንዱ ኮር 31፣ ጎረቤቱ 38 ቢል ምንም ማለት አይደለም። በሥራ ፈት ሰዓት ባለ ቁጥር የሚጨቃጨቅ ሰው ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ ሻይ ጋብዤ ብሸኘው ይሻለኛል።

ወደ ልጁ ማሽን ልመለስ። የእሱ ኢንቴል አይደለም። ኤኤምዲ የሚባለው ተፎካካሪው ኩባንያ የሠራው ራይዘን 7 1700ኤክስ ነው፤ ያገለገለ ገዝቶት። እዚህ ጋ ታሪኩ ሌላ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች ሲያወጣ በአንዳንዶቹ የሙቀት ቁጥር ላይ ሆን ብሎ 20 ዲግሪ ጨመረ። 1700ኤክስና 1800ኤክስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ወንድማቸው 1700 ግን ጭማሪ የለውም። በቀጣዩ ዓመት የመጣው 2700ኤክስ ላይ ጭማሪው 10 ሆነ። ኤኤምዲ የሰጠው ምክንያት የፋን ጉዳይ ነው፦ በዚያው ዓይነት የፕሮሰሰር መሰኪያ (ሶኬት) ላይ የሚሰኩት ፕሮሰሰሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት የፋን ሥርዓት እንዲተዳደሩ። ከፍ ባለ ፍጥነት የሚሠሩት ቺፖች ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ይታያል፣ ፋኑም ለእነሱ ቀደም ብሎ ይነሳል።

ስለዚህ ሁለት ስም ያለው ሙቀት ተፈጠረ። እውነተኛው የቺፑ ሙቀት ቲ-ዳይ ይባላል። ጭማሪ የገባበት፣ ፋን የሚያዝዘው ቲ-ኮንትሮል ይባላል። የልጁ የቆየ ፕሮግራም የሚያነበው ሁለተኛውን ነው። የእኔው 20 ቀንሶ የመጀመሪያውን ያሳያል። 64 ሲቀነስ 20 ስንት ነው? በቃ፣ 44።

ልጁ ገና ፊቱ አልተፈታም። «ጋሼ፣ እንዴት አንድ ነገር ሁለት ቁጥር ይኖረዋል?» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየሁት። 2 ሰዓት ከሩብ ይላል። «ስልክህን አውጣ» አልኩት። 8 ከሩብ ይላል። እኛ አገር ሰዓቶቹ ተጣሉ ብሎ ጠጋኝ ጋ የሚሄድ ሰው የለም። ስድስት መቀነስና መደመር ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ለዚያ ፕሮግራም ግን 20 ቀንስ ብሎ የነገረው የለም።

ታዲያ 64ቱን ከንቱ ቁጥር ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት። ፋኑ የሚሰማው እሱን ነው። «ገና 44 እያለ ፋኑ ለምን ይጮኻል?» ካላችሁ፣ መልሱ ፋኑ 44 አላየም ነው።

የባዮሱ 52 ይቀረናል። እሱ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የቦታ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እንጀራ የጋገረ ሰው ያውቀዋል፤ መሃሉ ጢስ ሲል ዳሩ ገና ሊጥ ነው። ፕሮሰሰርም እንደዚያ ነው። ኮሮቹ ውስጥ ያሉ ሴንሰሮች ምጣዱ መሃል ናቸው። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ደግሞ የራሱ ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለው። በብዙ ቦርዶች ላይ ይህ ቺፕ የሚያነበው ሶኬቱ አካባቢ የተቀመጠ ሌላ ሴንሰር ነው፤ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቴርሞሜትር ማለት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች «ሲፒዩ» ብለው የሚጽፉት እሱን ነው፤ «ኮር» እና «ፓኬጅ» የሚሉት የውስጡን። ሥራ ሲበዛ የውስጡ ሽቅብ ይተኮሳል፣ የሶኬቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ሥራው ሲቆም የውስጡ በሰከንድ ይወርዳል፣ የሶኬቱ እየተጎተተ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ባይገጥሙም አይገርምም።

ሁለተኛው ምክንያት እንቅልፍ ነው። ዊንዶውስ ሥራ ሲያጣ ኮሮቹን ያስተኛል። ባዮስ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተኛቸው የለም፤ ነቅተው ይቆያሉ። ባዮስ ውስጥ ያለው ቁጥር ከዊንዶውሱ ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። «ባዮስ ምንም ሥራ ስለሌለው ቀዝቃዛው እሱ መሆን አለበት» የሚሉ ብዙ ናቸው። የተገላቢጦሽ ነው።

የእንቅልፍ ነገር ከተነሳ፣ ፕሮግራሙ ራሱም ይቀሰቅሳል። ሕፃን ተኝቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ በሩን ከፍታችሁ «ማሙሽ፣ ተኝተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት እስቲ። ሙቀት የሚያነብ ፕሮግራምም በየጊዜው ኮሩን ቀስቅሶ ነው የሚጠይቀው። አዳዲሶቹ ራይዘኖች ደግሞ ሲቀሰቀሱ በዝግታ አይነሱም፤ ዘለው ነው። 40 የነበረው ለአፍታ 55 ይሆንና ተመልሶ ይወርዳል። በሰከንድ አንዴ የሚያየው ፕሮግራም ያን ዝላይ ይይዘዋል። በአምስት ሰከንድ አንዴ የሚያየው ያልፈዋል። አንዱ የቅጽበቱን ሲጽፍ ሌላው አማካዩን ይጽፋል። እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እንዲስማሙ መጠበቅ ደግ አይደለም።

እውነተኛ ቅዠትም አለ። ፕሮግራም ከፍታችሁ አንድ መስመር ላይ 127 ዲግሪ ካያችሁ አትደንግጡ። ወይም በጠራራ ፀሐይ ከዜሮ በታች ካያችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ከሚጠቀምበት በላይ የሴንሰር ቀዳዳ አለው። ባዶ ቀዳዳ ሲነበብ ዝም አይልም፤ የሆነ ቁጥር ይወረውራል። ቀኑን ሙሉ 27.8 ላይ ደርቆ የሚቀር መስመርም አለ። ሰርግ ስታቀናብሩም ስትተኙም 27.8። እሱ ቴርሞሜትር ሳይሆን ሥዕል ነው፤ እለፉት።

ሁለት የሙቀት ፕሮግራም በአንዴ መክፈትም ጣጣ አለው። ሁለቱም ያንኑ የማዘርቦርድ ቺፕ በአንድ ጊዜ ሲጠይቁት መልሶቹ ሊደባለቁ ይችላሉ። አንዱ የጠየቀውን ሌላው ይቀበለዋል። ተግባብተው ተራ የሚጠብቁ አሉ፤ የማይጠብቁም አሉ። እኔ ያን ማታ ጎን ለጎን የከፈትኩት ለማሳየት ነው። እናንተ ልማድ አታድርጉት።

እሺ፣ የትኛውን ልመን ለሚለው የራሴን አሠራር ልንገራችሁ። ኢንቴል ከሆነ ዲግሪውን ትቼ ርቀቱን ነው የማየው። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ከኮሮቹ ሙቀት ጋር «ዲስታንስ ቱ ቲጄ ማክስ» የሚል መስመር አለ። ሴንሰሩ በእውነት የተናገረው እሱን ነው፤ ማንም አልደመረበትም፣ ማንም አልቀነሰበትም። በከባድ ሥራ ላይ 20 እና ከዚያ በላይ ከቀረው ተኝታችሁ እደሩ። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች 5 እስኪቀራቸው ይሄዳሉ፤ አይመቸኝም፣ ግን አልተበላሹም። ዜሮ ላይ ደርሶ ፍጥነቱ እየወደቀ ከሆነ ያኔ ይዛችሁልኝ ኑ። ገደቡ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ 100 ነው፣ አንዳንዶቹ ላይ 105። ኤኤምዲ ደግሞ በ2022 የወጡትን ራይዘን 7000ዎች በከባድ ሥራ ጊዜ 95 ላይ እንዲሠሩ አድርጌ ነው የነደፍኳቸው ብሏል። የድሮ ሰው 95 ሲያይ ልቡ ይቆማል። አልፈርድበትም።

ፕሮግራሙን ራሱን መፈተን ከፈለጋችሁ ጠዋት ፈትኑት። ማሽኑ ሌሊቱን ጠፍቶ ይደር። የታኅሣሥን ጠዋት ምረጡ፤ እዚህ ሜዳው ላይ ያለው ብርድ የታወቀ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። 15 ይላል እንበል። ከዚያ ማሽኑን አብሩትና ቶሎ ቁጥሩን እዩ። ፋን የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው፤ ስለዚህ በፋን የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ከክፍሉ በታች ሊወርድ አይችልም። ፕሮግራሙ 11 ካለ ቁጥሩ የተሳሳተ ነው። ከራይዘን በፊት የነበሩት የኤኤምዲ ቺፖች ላይ ይህን ብዙ ጊዜ ታዩታላችሁ፤ የእነሱ ቁጥር ከመጀመሪያውም እውነተኛ ዲግሪ ተብሎ የታሰበ አልነበረም። ሌላኛውን ጫፍ ለማየት ደግሞ ከባድ ሥራ ስጡት። ኢንቴሉ በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን መቀነስ የጀመረው ፕሮግራሙ 85 በሚልበት ሰዓት ከሆነ፣ የቺፑ ገደብ ደግሞ 100 ከሆነ፣ ፕሮግራሙ 15 ዲግሪ አጉድሏል ማለት ነው።

ውጭ አገር የተሠራ ቪዲዮ አይታችሁ «እነሱ ጋ 65፣ እኔ ጋ 72» የምትሉም አላችሁ። አየራችንን አትርሱ። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ዙር ይዞራል፤ የሚገፋው አየር ግን ቀለል ያለ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ሻያችንን በ93 የሚያፈላው ነገር ነው ፕሮሰሰራችንን ጥቂት ዲግሪ የሚያሞቀው። ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ ደግሞ ከፊሉን ይመልስልናል። ስለዚህ የእናንተን ቁጥር ከሰው ቁጥር ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አወዳድሩት። አንድ ፕሮግራም ምረጡ፣ አትቀያይሩት። በዚያው ሥራ ላይ የዛሬ ስድስት ወር 70 የነበረው አሁን 82 ከሆነ፣ 70ውም 82ውም በትክክል ልክ ባይሆኑ እንኳ 12ቱ እውነት ነው። የሆነ ነገር ተዘግቷል ወይም ደርቋል።

የልጁ ማሽን ሁለቱም ሆኖበት ነበር። ስንከፍተው ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት) አይታይም፤ አቧራ ብርድ ልብስ አልብሶታል። ሰፈራችን ገና እየተሠራ ነው። አንዱ ጋ ይቆፈራል፣ ሌላው ጋ አሸዋ ይራገፋል፣ ክረምት ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ነፋሱ ሁሉንም በመስኮት ያስገባዋል። ፋኑን በእጄ ይዤ በብሩሽና በአየር አጸዳሁት። ፋኑን የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአየር ስትነፉት ከልክ በላይ እንዲሽከረከር ከተዋችሁት ይጎዳል። ከሂትሲንኩ ሥር የነበረው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) እንደ አሮጌ ኖራ ይፈረፈራል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁት። ትንሽ፣ የአተር ፍሬ ታክል። እንደ ማርማላታ የሚያለብሱት ሰዎች አሉ፤ ይተውት።

ከማጽዳታችን በፊት የሰርጉን ቪዲዮ ለአሥር ደቂቃ እንዲያወጣ አድርገነው፣ በእኔው ፕሮግራም 73 ደርሶ ነበር። ካጸዳን በኋላ ያንኑ ቪዲዮ፣ ያንኑ አሥር ደቂቃ፤ 63። ልጁ ምንም አላለም። የእኔን ፕሮግራም ዘጋው። ከዚያ ያንን ከፍላሽ የገለበጠውን አሮጌ ፕሮግራም ከፈተው። ትንሽ ጠብቆ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ።

«83» አለኝ። «በፈረንጅ ሰዓት።»